የጤና ተማሪዎች ውጥረት

የጤና ተማሪዎች ውጥረት ሕክምና፣ ነርሲንግ፣ አዋላጅነት፣ ፋርማሲ፣ ላቦራቶሪና ሌሎች የጤና ሙያዎችን የሚማሩ ወጣቶች ከትምህርቱ ብዛት፣ ከሆስፒታል ሥራ ክብደትና ከኑሮ ጫና የተነሳ የሚደርስባቸው የአእምሮና የአካል መወጠር ነው። ብዙ ጊዜ ራሱን የሚገልጸው በሰውነት ምልክቶች ነው፤ በተለይም በራስ ምታት፣ በጨጓራ ሕመም፣ በእንቅልፍ ማጣትና በልብ ምት መፋጠን። የሌላውን ሰው ሕመም መለየት የሚማረው ተማሪ የራሱን ምልክት ሳያስተውል ወይም ደብቆ ሊቆይ ይችላል።

ስያሜ

በዕለት ንግግር ውጥረት፣ ጭንቀትና ድባቴ ይቀላቀላሉ። ውጥረት የሚፈለገው ነገር ከአቅም በላይ ሲመስል ሰውነት የሚሰጠው ምላሽ ነው። ጭንቀት ገና ላልመጣ ነገር የሚሰማ ስጋት ሲሆን፣ ድባቴ ደግሞ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት የሚዘልቅ የስሜት መውደቅና ለነገሮች ፍላጎት ማጣት ነው። ውጥረት በራሱ በሽታ ባይሆንም ሲረዝም ለሁለቱ መንገድ ይከፍታል።

በሰውነት ውስጥ የሚሆነው

አእምሮ አደጋ ሲሰማው አድሬናሊንና ኮርቲሶል የተባሉ ሆርሞኖች ወደ ደም ይለቀቃሉ። ልብ ይፈጥናል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ የምግብ መፈጨት ይዘገያል። ይህ ለአጭር ጊዜ ጠቃሚ ነው። ሐንስ ሰልዬ የተባለው ተመራማሪ በ1936 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ ሰውነት ለልዩ ልዩ ጉዳቶች ተመሳሳይ ምላሽ እንደሚሰጥ አመልክቷል። ምላሹ ለሳምንታት ሳይበርድ ሲቀር የአንገትና የትከሻ ሕመም፣ የሆድ መነፋት፣ ድካም፣ የወር አበባ መዛባትና የማስታወስ ችግር ሊከተል ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀውና በኢትዮጵያም ጥናቶች የሚሠራበት ባለ20 ጥያቄ መጠይቅ የሚጀምረው ስለ ራስ ምታት፣ ስለ ምግብ ፍላጎትና ስለ እንቅልፍ በመጠየቅ ነው። የአእምሮ ጫና በሰውነት በኩል እንደሚነገር ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ስፋቱ

በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመና በ43 አገሮች የተደረጉ ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንተና፣ ከሕክምና ተማሪዎች 27 ከመቶ ያህሉ የድባቴ ምልክት እንደነበራቸው አሳይቷል። 11 ከመቶ ያህሉ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ነበራቸው። የድባቴ ምልክት ከታየባቸው መካከል የአእምሮ ሕክምና የፈለጉት ግን 16 ከመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው።

በኢትዮጵያ

በአገሪቱ ዘመናዊ የጤና ሙያ ትምህርት ታሪክ ትልቅ ቦታ ያለው በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ነው። ጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ሠራተኞችን በአንድ ቡድን አሠልጥኖ ወደ ጤና ጣቢያዎች ይልክ ነበር። ከ1990ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ የሕክምና ትምህርት በፍጥነት ተስፋፋ፤ በ2004 ዓ.ም. ብቻ 13 አዳዲስ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ። የተማሪው ቁጥር ሲያድግ የመምህራን፣ የመጻሕፍትና የሕሙማን አልጋ ቁጥር በዚያው ልክ ባለማደጉ በአንድ አልጋ ዙሪያ የሚቆሙ ተማሪዎች በዙ።

የሕክምና ተማሪ ውጥረት እንደ ዓመቱ ይለያያል። በቅድመ ክሊኒክ ዓመታት፣ ተማሪዎች ፒሲ በሚሉት ጊዜ፣ ዋናው ስጋት ፈተናና ከትምህርት መባረር ነው። በክሊኒክ ዓመታት በሕሙማን ፊት መጠየቅና አለማወቅ ያስፈራል። በኢንተርንነት ደግሞ የሌሊት ተረኛነትና የሕሙማን ሞት ይጨመራል። በኋላም የሙያ ፈቃድ ፈተና፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮም በአገር አቀፍ ደረጃ ለዲግሪ ተመራቂዎች የተደነገገው የመውጫ ፈተና ይጠብቃል።

ከሁሉ ከባዱ አንዳንዴ መርዶ ነው። በባህሉ መርዶ የሚነገረው ሽማግሌና ዘመድ ተሰብስቦ፣ አብሮ የሚያለቅስ ሰው ባለበት ነው። በሆስፒታል ግን አንድ ወጣት ኢንተርን በኮሪደር ላይ ብቻውን እንዲናገር ሊገደድ ይችላል። ለቅሶ ሳይቀመጥ ወደ ቀጣዩ ታማሚ ይሄዳል። የመርፌ መወጋት ስጋትም አለ። ኤችአይቪን ለመከላከል መድኃኒቱ በተቻለ ፍጥነት፣ ቢዘገይ በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ለ28 ቀናት ይወሰዳል፤ እነዚያ ቀናት በራሳቸው የጭንቀት ቀናት ናቸው።

በኮንና በላስታ አካባቢ

ኮን በሰሜን ወሎ የዋድላ ወረዳ ከተማ ስትሆን፣ ከወልድያ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። ከዋድላና ከላስታ ደጋ ወጥቶ ጤና የሚማር ወጣት ወደ ወልድያ፣ ደሴ፣ ደብረ ታቦር ወይም ጎንደር ይሄዳል። ብዙዎቹ የገበሬ ልጆች ናቸው። ገና አንደኛ ዓመት ሳለ በቀዬው «ዶክተር» መባል ኩራትም ሸክምም ነው፤ ውጤት ቢበላሽ ለቤተሰብ መንገር ይከብዳል።

ጦርነቱ በዚህ ላይ ተደረበ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ላሊበላና ወልድያ በትግራይ ኃይሎች ቁጥጥር ሥር ወድቀው፣ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በነበሩት ወራት ትምህርትና የጤና አገልግሎት ተቋረጠ፣ ወልድያ ዩኒቨርሲቲም ተዘረፈ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት መንገድና ኢንተርኔት ሲዘጋ፣ ተማሪው የቤተሰቡን ደህንነት ሳያውቅ ለፈተና የሚቀመጥበት ጊዜ አለ።

መቋቋሚያ መንገዶች

ከሚረዱት መካከል የሚከተሉት ይገኙበታል፦

እንቅልፍ፦ የተጠና ነገር በማስታወስ ውስጥ የሚጸናው በእንቅልፍ ጊዜ ጭምር ነው። ካፌይን ከተጠጣ ከአምስት ሰዓት ገደማ በኋላ እንኳ ግማሹ በደም ውስጥ ስለሚቆይ፣ የማታ ቡና እንቅልፍ ይሰርቃል።

ሰው፦ የዶርም ጓደኛ፣ የጥናት ቡድን፣ የቡና ሰዓት፣ ቤተሰብና የንስሐ አባት ወይም የሃይማኖት መምህር ሸክም ያቀላሉ። ከሞት ወይም ከስህተት በኋላ ከተረኛ ባልደረቦች ጋር ለጥቂት ደቂቃ መነጋገርም እንዲሁ።

እንቅስቃሴና ትንፋሽ፦ የእግር ጉዞና ቀስ ብሎ መተንፈስ የልብን ምት ያረጋጋሉ።

የሚጎዱም አሉ። ለንቃት ጫት መቃም እንቅልፍንና የምግብ ፍላጎትን ይቀንሳል። ለራስ ምታት ያለ ሐኪም የሚወሰዱ ዲክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን ጨጓራን ያባብሳሉ፤ የጤና ተማሪ መድኃኒት በቅርብ ማግኘቱና ማወቁ ራሱን እንዲያክም ይገፋፋዋል።

የግል ጥረት ብቻ ግን አይበቃም። የተረኛነት ሰዓት፣ የፈተና ድግግሞሽ፣ የመምህራን አነጋገርና የምክር አገልግሎት የተቋማት ኃላፊነት ናቸው።

ሕክምና የሚያስፈልግበት ጊዜ

ምልክቱ ከውጥረት ነው ከማለት በፊት መመርመር ይገባል፤ የጨጓራ ባክቴሪያ፣ የደም ማነስና የታይሮይድ ሕመም ተመሳሳይ ምልክት አላቸው። ደም ማስመለስ፣ ጥቁር ሰገራ፣ የደረት ሕመምና ራስን የመሳት ሁኔታ አስቸኳይ ናቸው። ራስን የማጥፋት ሐሳብም እንደዚሁ አስቸኳይ ነው፤ በዚያች ሰዓት ብቻ መሆን አይገባም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስቶች ሥልጠና ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በመሰጠቱና የአእምሮ ጤና ባለሙያዎች በሌሎች ከተሞችም በመሠልጠናቸው፣ ሕክምናው ከቀድሞው ይልቅ ቀርቧል።