የፈረንጆች ክረምት በሱማሌ ምድር፤ ከአውበሬ ሲታይ

ፈረንጆች «ዊንተር» የሚሉትን ቃል እኛ ክረምት ብለን መተርጐም ለምደናል። ይሁን እንጂ በአውሮፓ በረዶ የሚወርድባቸው ታኅሣሥ፥ ጥርና የካቲት በእኛ አገር በጋ ናቸው። በአውበሬና በጅጅጋ ዙሪያ ለሚኖረው አርብቶ አደር ደግሞ እነዚህ ወራት ጅላል ይባላሉ፤ ይኸውም የጥምና የሣር እጦት ጊዜ ነው። በዚህ ጽሑፍ ለማመልከት የምንፈልገው፥ የአውሮፓ ባለጸጎች ለመዝናናት የመረጡት ወቅት ለአገሩ ሰው ከዓመቱ ሁሉ የከፋው እንደ ነበረና የእነርሱም ምቾት በዚሁ ሰው ዕውቀትና ድካም ላይ የተመሠረተ መሆኑን ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

እንደሚታወቀው፥ ክረምትን ከአገር ወጥቶ ማሳለፍ በ19ኛው መቶ ዓመት በሀብታሞች ዘንድ የተለመደ ነገር ሆነ። በስዊስ ተራሮች የሳን ሞሪትዝ ባለሆቴል ዮሐንስ ባድሩት በ1864 እንግሊዞችን በክረምት እንዲመጡ እንደ ጋበዘ ይነገራል፤ በዚያን ጊዜ የሚመጡት ለፀሐዩና ለንጹሑ አየር እንጂ በበረዶ ላይ ለመንሸራተት አልነበረም። በረዶን ጨርሶ የጠላ ግን ወደ ግብፅ ይወርድ ነበር፤ በሉክሶር «የክረምት ቤተ መንግሥት» የተባለው ታላቅ ሆቴል በ1907 የተከፈተው ለእነዚህ እንግዶች ነው። የስዊዝ ቦይ በ1869 ከተከፈተ ወዲህ የኤደን መንገድ ስላጠረ፥ አደን የሚወዱት ከግብፅ አልፈው ወደ ሱማሌ ምድር መጡ።

አውበሬ ከጅጅጋ በስተ ሰሜን በጠረፉ አጠገብ የምትገኝ ከተማ ስትሆን፥ ስሟን ያገኘችው መቃብራቸው በዚያ ካለው ከሼክ አውበሬ ነው፤ ተፈሪ በርም ትባላለች። አገሩን አስቀድሞ በጽሑፍ ካስታወቁት ፈረንጆች አንዱ ሪቻርድ በርተን ነው። በርተን የዓረብ ነጋዴ መስሎ በኅዳር 1854 ከዘይላ ተነሣ፤ የገዳቡርሲን አገር አቋርጦ፥ በአውቡቤ ያለውን ፍርስራሽ ተመልክቶ፥ በጥር 1855 ሐረር ገባ። ጉዞው የምቾት ጉዞ አልነበረም፤ ነገር ግን መጽሐፉ በ1856 ሲታተም አገሩን በለንደን አሳወቀ።

ከሠላሳ ዓመት በኋላ የመጡት ግን ለመዝናናት የሚጓዙ ነበሩ። ፍራንክ ጄምስና ጓደኞቹ በ1884 እና 1885 ከበርበራ ተነሥተው እስከ ዋቢ ሸበሌ ተጓዙ። ከእነርሱም በኋላ ሎርድ ዴላሚር፥ የሮማንያ መሳፍንት ጊካ፥ የፖላንዱ ባላባት ፖቶትስኪ ተከታትለው መጡ፤ የጊካ መጽሐፍ በሱማሌዎች አገር ስላሳለፏቸው አምስት ወራት የሚናገር ነው። የእንግሊዝ መኰንን ስዌይን ደግሞ አሥራ ሰባት ጊዜ ተመላልሶ በ1895 መጽሐፍ አወጣ። ሴቶችም አልቀሩም፤ አግነስ ኸርበርት ከአክስቷ ወይም ከአጎቷ ልጅ ጋር ያደረገችውን የአንበሳ አደን በ1908 አሳተመች። እነዚህ ሰዎች ድንኳንና አልጋ፥ የታሸገ ምግብና ወጥ ቤት ሠሪ ይዘው ይጓዙ ነበር።

አሁን ይህ ምቾት በምን ይቆም እንደ ነበረ እንመልከት። መጀመሪያ፥ ማንም እንግዳ ያለ አባን አይገባም ነበር። አባን ማለት እንግዳውን በጎሣው ስም የሚቀበልና ለደኅንነቱ ኃላፊ የሚሆን ሰው ነው። ሁለተኛው ውሃ ነው። በጅላል በሀውድ ሜዳ ውሃ ስለማይገኝ ሕዝቡ መንጋውን ወደ ጕድጓዶች ያቀርባል፤ አዳኙ ግን ውሃውን በግመል አስጭኖ ሜዳውን ያቋርጣል። ጕድጓዱን የሚያውቀው፥ ግመሉን የሚጭነው፥ የአንበሳውን ዱካ የሚከተለው ሱማሌው ነው። በ1894 ዴላሚር በአንበሳ ሲያዝ ከሞት ያዳነው ነፍጥ ተሸካሚው አብዱላ አሹር ነበር፤ በባዶ እጁ በአንበሳው ላይ ዘሎ ጌታው ጠመንጃውን እስኪያነሣ ድረስ ታገለው።

በእርግጥ የግመል ኪራይና ደመወዝ ለብዙ ሰው ገቢ እንደ ሆነ አንክድም። ነገር ግን ጕዳቱም ግልጽ ነው። አንደኛ፥ ብዙ ሰውና ግመል ይዞ የሚጓዝ እንግዳ በጅላል ባለመንጋው ከሚቀዳበት ጕድጓድ ይቀዳ ነበር። ሁለተኛ፥ በገዳቡርሲ አገር በሐራዋ ሸለቆ ይገኝ የነበረው ዝሆን ጠፋ፤ ዛሬ በምሥራቁ የአገራችን ክፍል ዝሆን የሚጠበቀው በ1970 በተቋቋመው በባቢሌ ክልል ነው። ሦስተኛ፥ አዳኝና መንገድ መርማሪ አንድ ሰው ነበር፤ ስዌይን ለአደን በሄደበት አገር ካርታም ያነሣ ነበር። በ1897 ሮድ ከዐፄ ምኒልክ ጋር በአዲስ አበባ ከተዋዋለ በኋላ፥ በሐረር ከራስ መኮንን ጋር የጠረፉን መሥመር በደብዳቤ ወሰነ። ለባለመንጋው የቀረለት፥ ከመሥመሩ ወዲያና ወዲህ ተሻግሮ በግጦሹና በጕድጓዱ የመጠቀም መብት በውሉ ውስጥ መጻፉ ነው።

ከ1899 እስከ 1920 የቆየው የሰይድ መሐመድ አብዲሌ ሐሰን ጦርነት በተነሣ ጊዜ የሱማሌ ምድር ለአዳኞች የማይመች ሆነ፤ ዴላሚርም በኬንያ ሰፈረ። የአደን ሽርሽሩ ወደዚያው ሲዛወር ሱማሌ ነፍጥ ተሸካሚዎችና የጓዝ አለቆችም አብረው ሄዱ። እንግዲህ ዛሬ ለዓለም ጐብኚዎች የሚታወቀው የኬንያ ጉዞ በከፊል በእኛ ጠረፍ ላይ የተለመደ ሥራ ነው ለማለት እንደፍራለን።

በማጠቃለል፥ የዚህ ዘመን ታሪክ እስከ ዛሬ በአብዛኛው የተጻፈው በድንኳኑ ውስጥ በተቀመጠው ሰው ብዕር ነው። ድንኳኑን የተከለው ሰው ግን ልጆችና የልጅ ልጆች አሉት፤ በአውበሬና በአካባቢዋ ያሉ ሽማግሌዎች ከአባቶቻቸው የሰሙትን ይናገራሉ። ጓደኞቻችን ለዕረፍት ወደዚያ ሲወርዱ አንድ ደብተር ይዘው ቢሄዱና ጅላል እንዴት ይታለፍ እንደ ነበረ ቢጠይቁ፥ የፈረንጆቹ መጻሕፍት ያጐደሉትን ለመሙላት መልካም ጅማሬ ይሆናል ብለን እናምናለን።