ጋሻ የማይመክተው ስለት፤ በፎገራ ሜዳ ስለ ነበረው የመከላከል ትምህርትና ስለ ጩቤ አደጋ

ስለ አገራችን የጦር መሣሪያ የጻፉ የውጭ አገር መንገደኞችም ሆኑ የኛው ሊቃውንት ጦርን፣ ጎራዴን፣ ሾተልንና ጋሻን ዘርዝረው ገልጸዋል፤ ጠመንጃም ከየት እንደ መጣና እንዴት እንደ ተስፋፋ ብዙ ተጽፎለታል። ስለ ጩቤ፣ ስለ ካራና ስለ ሰንጢ የተጻፈው ግን እጅግ ጥቂት ነው። ምክንያቱ ግልጽ ይመስለናል፤ ጎራዴ የሹመትና የጀግንነት ምልክት ስለ ነበረ በግድግዳ ይሰቀላል፣ ለልጅም ይወረሳል፤ ቢላዋ ግን ጧት ሽንኩርት የተከተፈበት ማታ ሰው ሊወጋበት የሚችል የቤት ዕቃ ስለ ሆነ እንደ ጦር መሣሪያ የሚቈጥረው የለም። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንን ችላ የተባለ ስለት ነው። ጥያቄያችንም አንድ ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ መመከትን የተማረ ሰው በጩቤ በተጠቃ ጊዜ ትምህርቱ ምን ያህል ይረዳዋል? ለምርመራችንም የያዝነው ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ ያለውን የፎገራን ሜዳና ከተማውን ወረታን ነው።

ፎገራ ርብና ጉማራ የሚባሉት ወንዞች አቋርጠውት ወደ ጣና የሚገቡበት፣ ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል የሆነ፣ በክረምት ውሃ የሚተኛበት ለጥ ያለ አገር ነው። በስሙ የሚጠራው የፎገራ ከብት ዝናው የታወቀ ነው። ወረታም ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ ወደ ደብረ ታቦር ከሚገነጠለው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ትገኛለች። ይህ የሐይቁ ምሥራቅ ዳርቻ ጦርነት ያልተለየው ነበር፤ ግራኝ አሕመድ በ1535 ዓ.ም. በወይና ደጋ የወደቀው በዚሁ ወገን ነው፤ ዐፄ ሠርፀ ድንግል የጉዛራን ግንብ ያሠሩትም ከዚህ ብዙ ሳይርቅ በእንፍራንዝ አጠገብ ነው። እንግዲህ የዚህ አገር ሰው መሣሪያ መያዝን የተማረው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከኑሮው ነው።

ትምህርቱ የሚጀምረው በእረኝነት ነው። እረኞች ከብቱን ሜዳ ላይ አሰማርተው ሲውሉ በዱላ ምክቶሽ ይጫወታሉ፤ አንዱ ይሰነዝራል፣ ሌላው ይመክታል። ዱላው ከወይራ የተቈረጠ አጭር በትር ወይም ረጅም ሽመል ሊሆን ይችላል፤ ልጁም ከዚህ ጨዋታ ሦስት ነገር ይማራል፤ ርቀትን መለካት፣ የሰንዛሪውን ትከሻ ማየትና ዐይንን አለመጨፈን። ጐልማሳ ሲሆን ፈረስ ያለው ጉግስ ይጫወታል፤ ሁለት ወገን ሆነው በሜዳ ላይ እየጋለቡ በትር ይወራወራሉ፣ የተወረወረውንም በጋሻ ይመክታሉ። እንደ ፎገራ ያለ ሜዳ ለጉግስ የተፈጠረ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በደብረ ታቦር በዓል ደግሞ፣ ሕዝቡ ቡሄ በሚለው፣ ጐረምሶች በጅራፍ ይጋረፋሉ፤ በዚህም ሕመምን ችሎ መቆም ይለመዳል። ፉከራውና ሽለላውም የትምህርቱ ክፍል ነው፤ ልብን ያበረታል፣ ለጠላትም መጣሁብህ ብሎ ያስታውቃል።

መሣሪያዎቹም ለዚህ ትምህርት የሚስማሙ ነበሩ። ጋሻው ክብና ከጎሽ ቆዳ የተሠራ ሲሆን በግራ እጅ ይያዛል። ሾተል እንደ ማጭድ የቈለመመው የጠላትን ጋሻ ዞሮ እንዲወጋ ነው፤ ስለዚህ ሾተልን የሠራ ሰው ባላጋራው ጋሻ ይዞ ፊት ለፊት እንደሚቆም ዐውቆ ሠርቶታል ማለት ነው። የኛ ሰው ጎራዴውን በቀኝ ጐኑ መታጠቁ ብዙ መንገደኞችን አስገርሟል። በግራው ጋሻ ለያዘ ሰው ግን ይህ አመቺ ይመስለናል፤ ክንዱ በጋሻው ፊት ሳያልፍ ስለቱን ይመዘዋልና። በጠቅላላው ይህ ሁሉ ጥበብ የተመሠረተው በአንድ ሐሳብ ላይ ነው፤ ይኸውም ጠብ በግልጽ ይታወጃል፣ ተጣዪዎቹ ይተያያሉ፣ በመካከላቸውም የበትር ወይም የጦር ርዝመት ያህል ርቀት አለ የሚል ነው።

ጩቤ ግን ይህን ሐሳብ ከሥሩ ይንደዋል። አይፎከርበትም። ርዝመቱ ከክንድ በታች ስለ ሆነ በኩታ ሥር ይደበቃል፤ የሚሠራውም ጋሻ ከማያገለግልበት ቅርበት፣ ሰላምታ ከሚሰጣጡበትና ምስጢር ከሚነጋገሩበት ርቀት ላይ ነው። በታሪካችን ለዚህ ግልጽ ምሳሌ የሚሆነን የዐፄ ተክለ ሃይማኖት ቀዳማዊ መጨረሻ ነው። አባታቸው ዐፄ ኢያሱ በ1698 ዓ.ም. ከዙፋን ከተለዩ በኋላ በጣና ውስጥ ባለች ደሴት ተጠግተው ሳሉ በ1699 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ከቤተ መንግሥቱ በተላኩ ሰዎች ተገደሉ፤ አስከሬናቸውም ከፎገራ ወደ ሰሜን በሚገኘው የሐይቁ ክፍል በምጽራሃ ደሴት ተቀበረ። ዙፋኑን የያዙት ልጅ ደግሞ ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በ1700 ዓ.ም. በሰኔ ወር፣ ለአባታቸው በታመኑ የቤተ መንግሥት ሰዎች እጅ በስለት ተወግተው ሞቱ። እኒህ ነገሥታት ከልጅነታቸው ጀምሮ በፈረስና በጦር የሠለጠኑ፣ ዘበኛም የከበባቸው ነበሩ። ነገር ግን ዘበኛው የሚጠብቀው ከሩቅ የሚመጣውን ጠላት ነበር፤ ገዳዮቹ ግን ከውጭ ዘልቀው የመጡ ሳይሆኑ ለመቅረብ መብት የነበራቸው የቤቱ ሰዎች ነበሩ።

ከሥጋ ባሕርይ አንጻር ነገሩን እንይ። ለጅራፍ የተለማመደ ሰው ሕመምን ይችላል፤ የስለት አደጋ ግን ከሕመም የሚመጣ አይደለም። በስለት ከተወጉ ሰዎች ብዙዎቹ በመጀመሪያ የተሰማቸው እንደ ቡጢ ያለ ምት ብቻ እንደ ነበረ፣ መወጋታቸውንም ያወቁት ደማቸውን ካዩ በኋላ እንደ ሆነ ይናገራሉ። ቁስሉ በውጭ ሲታይ ትንሽ ሆኖ በውስጥ ትልቅ የደም ሥር ተቈርጦ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ሲሆን ጀግናውም ፈሪውም እኩል በጥቂት ደቂቃ ይወድቃሉ። ባይወድቅ እንኳ አደጋው አላለፈም፤ የእንግሊዝ ቆንሲል የነበረው ፕላውደን በ1852 ዓ.ም. በጎንደር አጠገብ ሽፍቶች ደረቱን በጦር ከወጉት በኋላ የጎንደር ነጋዴዎች ዋጋ ከፍለው ቢያስለቅቁትም ከጥቂት ቀን በኋላ ሞቷል። በባዶ እጅ የሚከላከል ሰው ደግሞ የሚመክተው በክንዱና በመዳፉ ስለ ሆነ መጀመሪያ የሚቈረጡት እነዚሁ ናቸው፤ ጣትን የሚያንቀሳቅሰው ጅማት ከተበጠሰም የጨበጠውን ለመያዝ ቢፈልግ እጁ አይታዘዘውም።

በሌላው ዓለምም ይህንኑ ደርሰውበታል። በ15ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ ፊዮሬ የሚባል ኢጣሊያዊ የጦር መምህር በጻፈው የትግል መጽሐፍ ለጩቤ መከላከያ ሰፊ ክፍል ሰጥቶታል፤ ጩቤ ከሁሉ የሚያሠጋ መሣሪያ እንደ ሆነ ስለ ተረዳ ነው። በአሜሪካ አገር ደግሞ ዴኒስ ቱለር የተባለ የፖሊስ ሠራዊት አሠልጣኝ በእነርሱ አቈጣጠር በ1983 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ስለት የያዘ ሰው 21 ጫማ፣ ማለት ስድስት ሜትር ተኩል ያህል፣ በአንድ ሰኮንድ ተኩል ሮጦ እንደሚደርስ አስረድቷል፤ ይህም የሠለጠነ ፖሊስ ሽጉጡን መዝዞ ለመተኮስ የሚፈጅበት ጊዜ ነው። ሽጉጥ ያለው ሰው በዚህ ርቀት ከተቸገረ በአንድ ክንድ ርቀት በባዶ እጁ የቆመው ሰው እንዴት እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

በዛሬ ጊዜ በከተሞቻችን የካራቴና የቴኳንዶ ማሠልጠኛዎች ተከፍተዋል፤ ወጣቶችም ለሰውነታቸው ጤንነትና ለጠባያቸው መታረም ይጠቀሙባቸዋል፤ ይህን አንነቅፍም። ነገር ግን በእንጨት ቢላዋ የሚደረገውን ልምምድ አስተውሎ ያየ ሰው ከእረኞች ምክቶሽ ጋር ያለውን ዝምድና አያጣውም። ተለማማጁ ጓደኛ ቢላዋውን አንድ ጊዜ ሰንዝሮ ክንዱን ዘርግቶ ይቆማል፤ ሌላው ክንዱን ይዞ ይጠመዝዘዋል። በእውነተኛው ጠብ ግን ወጊው ክንዱን ዘርግቶ አይጠብቅም፤ ወግቶ ይስባል፣ መልሶ ይወጋል፣ በግራ እጁም የሚወጋውን ሰው ልብስ ጨብጦ ይይዛል። ተለማማጁ ጥቃቱ እንደሚመጣ አስቀድሞ ያውቃል፤ የተጠቃው ሰው አያውቅም። ስለዚህ ሥልጠናው ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው ቶሎ ለመሸሽ፣ በመካከል በርጩማም ሆነ ዱላ ለማስገባትና ለመጮኽ ነው፤ ነገር ግን ብዙው ተማሪ ይህን ለመማር አይመዘገብም።

የጥንቱ ማኅበረሰብ ይህን የተረዳው ይመስለናል፤ ለጩቤ መመከቻ የሚሆን ጨዋታ አልፈጠረለትምና። በዚህ ፈንታ ስለቱ ከመመዘዙ በፊት የሚሠራ ሥርዓት አበጀ። በትልቅ ሰው ፊት የሚቀርብ ሰው ኩታውን ከትከሻው አውርዶ ወገቡ ላይ ማሸረጡ የአክብሮት ምልክት መሆኑን ሁሉ ያውቃል። አክብሮት መሆኑን አንክድም፤ ሆኖም ይህ ልማድ የቀራቢውን ሁለት እጅና ጐን ገልጦ የሚያሳይ መሆኑ በአጋጣሚ ብቻ የመጣ አይመስለንም። ተከናንቦ መቀመጥ የበላዩ መብት ነበር፤ ከበታች ያለው ግን ምንም አለመደበቁን በሰውነቱ ይመሰክራል።

ከዚህ ይበልጥ የሚያስደንቀው የግብሩ ሥርዓት ነው። ከ1762 እስከ 1764 ዓ.ም. በአገራችን የቆየው ጄምስ ብሩስ ስለ ጥሬ ሥጋ ግብዣ የጻፈው ብዙ ነቀፌታ ቢያስነሣም ስለ ቢላዋ የተናገረው ሊጤን የሚገባው ነው። ወንዶቹ የያዙት ትልቅና ቈልማማ ቢላዋ በጦርነት ጊዜ ለብዙ ሥራ እንደሚውል፣ ሴቶቹ ደግሞ በበርሚንግሃም ከተማ እንደሚሠሩት እጅግ ርካሽ ዓይነቶች ያለ ታጣፊ ሰንጢ እንደሚይዙ ይገልጻል። እንግዲህ ጠጅ በሚፈስበት፣ የድሮ ቂም በሚቀሰቀስበት አዳራሽ በየሰዉ እጅ ስለት ነበረ ማለት ነው። ይህን የሚጠብቀው የግል ችሎታ አልነበረም፤ ማን ከማን አጠገብ እንደሚቀመጥ የሚያውቅ፣ የተቋሰሉትን የሚያራርቅ አጋፋሪ ነበር እንጂ። አጋፋሪን እንደ በር ከፋች ብቻ የሚቈጥሩት ሰዎች የሥራውን ግማሽ አላዩም።

ስለቱ ከተመዘዘ በኋላ ደግሞ የሚመጣው ደም ነው። በድሮው ፍርድ ነፍሰ ገዳይ ለሟች ዘመዶች ይሰጥ ነበር፤ እነርሱም ካሳ ተቀብለው ሊምሩት ወይም ሟች በሞተበት ዓይነት መሣሪያ ሊገድሉት ይችሉ ነበር። ከፍርድ ያመለጠ ሸፍቶ ዱር ይገባል፤ ደመኛውም ዓመት ቈጥሮ ይጠብቀዋል። በጎንደር አገር ይህን የሚያቆመው ደም ማድረቅ የሚባለው ዕርቅ ነው፤ ካህናትና ሽማግሌዎች መካከል ገብተው፣ ጥፋተኛው ድንጋይ ተሸክሞ፣ ወድቆ ይቅርታ ይለምናል፣ ካሳም ይቈረጣል። በአማርኛችን የሚመለሱ ሁለት ዕዳዎች አሉ፤ ደምና ወረታ። የከተማው ስም ከዚህ ቃል መጣ አንልም፤ ነገር ግን ሁለቱን ሳያስቡ በወረታ ማለፍ ለጸሐፊው አስቸጋሪ ሆኖበታል።

በዘመናዊው ሕግ በኩል በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በ74ኛውና በ75ኛው አንቀጽ፣ እርሱን የተካው የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም በ78ኛውና በ79ኛው አንቀጽ ሕጋዊ መከላከልንና ከመጠን ያለፈ መከላከልን ለይተው ይደነግጋሉ። ጥቃቱ ሕገ ወጥና ወዲያው የሚደርስ፣ በሌላ መንገድም ሊወገድ የማይችል መሆን አለበት፤ መከላከሉም ከአደጋው ጋር መመጣጠን አለበት። መጠኑ ያለፈው ከድንጋጤ ወይም ከፍርሃት የተነሣ እንደ ሆነ ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ሊያቀል፣ አንዳንዴም ሊተው ይችላል። ሕግ አውጪው ድንጋጤን በስሙ ጠርቶ ማንሣቱ መልካም ነው፤ በስለት ፊት የቆመ ሰው የሚመልሰውን ምት በሚዛን ለመለካት ጊዜ የለውምና። ቢሆንም አንድ ጊዜ ቢላዋውን አስጥሎ ባላጋራውን በወደቀበት በሽመል የደገመ ሰው ከተከላካይነት ወደ ጥፋተኝነት የተሻገረው በዚያች ሁለተኛ ምት ነው።

የፎገራ ኑሮ ዛሬ ተለውጧል። በ1970ዎቹ ዓመታት የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ የጀመሩት የሩዝ እርሻ አሁን ውሃ የሚተኛበትን ሜዳ ሸፍኖታል፤ ኤክስ-ጅግና የሚባለው ዘርም ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። በመኸር ጊዜ ከሌላ ወረዳ የሚመጡ የቀን ሠራተኞች በወረታ ይሰበሰባሉ። ብዙው ወጣት ነው፤ የጐረቤቱን አባት አያውቅም፣ የማን ደመኛ ከማን አጠገብ እንደ ተኛም የሚነግረው አጋፋሪ የለውም። በእጁ ግን የሥራው መሣሪያ፣ የተሳለ ማጭድ አለ፤ ማታም ሒሳቡን ተቀብሎ መጠጥ ቤት ሲገባ ማጭዱን የሚያኖርበት ቤት ስለሌለው ይዞት ይገባል።