ሹማምንትን ስለ መመርመር

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ብሂል ሹመት እንደ መብል ይቆጠር የነበረበትን ልማድ ያስታውሰናል። ይህን ልማድ ለመቁረጥ አገራችን ሹማምንትን የሚመረምር አካል ከአንድ ጊዜ በላይ አቋቁማለች። ከነዚህም የፊተኛው ታሪክ ከወሎ ጋራ የተያያዘ ስለ ሆነ፣ ከደሴ እስከ ቦረና መካነ ሰላም ያለው የወሎ ልጅ ሁሉ ሊያውቀው የተገባ ነው።

በ1965 ዓ.ም. በወሎ ጠቅላይ ግዛት ረሀብ ጸንቶ፣ የተራበው ሕዝብ ወደ አውራ ጎዳናው እየወጣ ሲያልቅ፣ ነገሩ ከአደባባይ ተሰውሮ ቆየ። የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ በየካቲት 1966 ዓ.ም. ከወረደ በኋላ፣ በዚያው ዓመት መርማሪ ኮሚሽን በአዋጅ ተቋቋመ። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም የመሩት ይህ ኮሚሽን፣ ባለሥልጣኖች ሥልጣናቸውን ለግል ጥቅም ማዋላቸውንና በወሎ ረሀብ ያለባቸውን ኃላፊነት እንዲመረምር ታዘዘ። አክሊሉ ራሳቸው በእስር ሳሉ የሥራ ዘመናቸውን ታሪክ ጽፈው ለኮሚሽኑ አቅርበዋል።

ነገር ግን ደርግ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. አክሊሉንና ተከታያቸውን እንዳልካቸው መኮንንን ጨምሮ ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎችን ያለ ፍርድ ረሸነ። የተረሸኑት ጥፋተኞች ነበሩ ወይስ አልነበሩም የሚለው ጥያቄ ከዳኛ መልስ ሳያገኝ ቀረ፤ በረሀብ ያለቁት የወሎ ሰዎችም የሚገባቸውን የፍርድ መዝገብ አጡ፤ ሟችን መጠየቅ አይቻልምና።

በ1993 ዓ.ም. የፌዴራል የሥነ ምግባርና የፀረ ሙስና ኮሚሽን በአዋጅ ቁጥር 235/1993 ሲቋቋም፣ የመመርመርና የመክሰስ ሥልጣን በአንድነት ተሰጠው። ይሁን እንጂ የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር ስዬ አብርሃ የተያዙት ከገዢው ፓርቲ መከፋፈል በኋላ ወዲያው ስለ ሆነ፣ ብዙ ሰው ክሱን ከሙስና ይልቅ በፖለቲካ ተረጎመው። ፍርድ ቤት በዋስ ቢለቃቸውም ዳግመኛ ተያዙ፤ ዋስትናን የሚከለክል ሕግም ወጣ። በ2008 ዓ.ም. የመመርመሩና የመክሰሱ ሥልጣን ከኮሚሽኑ ወጥቶ ለጠቅላይ ዐቃቤ ሕግና ለፌዴራል ፖሊስ ተላለፈ።

እንግዲህ በፊተኛው ታሪክ መርማሪውን ጥይት ቀደመው፤ በኋለኛው ደግሞ መርማሪው ከፖለቲካ ጥርጣሬ አልዳነም። ስለዚህ የእንዲህ ያለው አካል ኃይል በሚያሳስራቸው ሰዎች ብዛትና በማዕረጋቸው ከፍተኛነት ሊለካ አይገባውም። መለኪያው ተከሳሹ ቃሉን መስጠቱ፣ ዳኛው ያለ ፍርሀት መፍረዱ፣ ተበዳዩም እውነቱን መስማቱ ነው።