በ70 ፊደል ሲጋራ ማስቆም

በዋሽንግተን ዲሲ ታክሲ ስነዳ ካየኋቸው አጫሽ ሐበሾች አብዛኞቹ ቤታቸው አያጨሱም። ኤርፖርት ወረፋ ላይ ያጨሳሉ፣ ማስቲካ ያኝካሉ፣ እጃቸውን ታጥበው ይገባሉ። ሚስት ብታውቅም እንዳላወቀች ትሆናለች። ነውሩ ከአገር ቤት የመጣ ነው፤ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ትምባሆን ከልክለው አጫሹን በአካሉ ይቀጡት ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው ሲጋራ ለማቆም ስብሰባ ና ቢሉት አይመጣም። ኪሱ ውስጥ የሚገባ የስልክ መልእክት ግን ከእሱ በቀር ማንም አያየውም። ለዚህ ነው የዚህን ዘዴ ታሪክ በቅርብ የምከታተለው።

በሰፊው መጀመሪያ የሞከሩት ኒውዚላንዶች ናቸው። በፈረንጅ አቆጣጠር በ2005 ይፋ ባደረጉት ጥናት 1,705 አጫሾች ተሳትፈዋል፤ ለአገሩ ነባር ሕዝብ ለማኦሪዎች ለራሳቸው የሚስማማ መልእክት ተዘጋጅቶላቸው ነበር። ከስድስት ሳምንት በኋላ መልእክቱ ከደረሳቸው 28 በመቶው፣ ካልደረሳቸው 13 በመቶው አቁመናል አሉ። እንግሊዞች በ2011 በ5,800 ሰዎች ላይ ያደረጉት ሙከራ ደግሞ በቃል ብቻ አላመነም፤ በምርመራ አረጋገጠ። በስድስተኛው ወር 10.7 በመቶ ለ4.9 በመቶ ሆነ። እኔን ይበልጥ የገረመኝ ግን ሌላ ነው፤ ሱሱ ሲነሳበት ሰውየው ራሱ አንድ ቃል ይልካል፣ መልሱ ወዲያው ይመጣለታል። ሌሊት ብቻውን መኪና ውስጥ ለሚቀመጥ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ወደ ስደተኛው ሲመጣ ነገሩ ይዘገያል። በአሜሪካ የብሔራዊ ካንሰር ተቋም የመልእክት አገልግሎት በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ነው። ቻይናውያን፣ ኮሪያውያንና ቬትናማውያን በቋንቋቸው የሚያነጋግራቸው የስልክ መስመር ካሊፎርኒያ ውስጥ ነበራቸው፤ በ2012 በመላ አገሪቱ ተስፋፋ። አማርኛ ተናጋሪው ሲጋራ ለማቆም ወደሚረዳው ነፃ የስልክ መስመር ሲደውል አስተርጓሚ ይገባል። አስተርጓሚው ሐበሻ ነው፤ ደዋዩም «ይህ ሰው ዘመዴን ቢያውቅስ?» ብሎ ስልኩን ይዘጋል። ይህን የነገሩኝ ጥቂቶች አይደሉም።

መልእክቱ በአማርኛ ቢላክስ? እዚህ ላይ የፊደል ነገር አለ። በ1985 ጀርመናዊው ፍሪድሄልም ሂለብራንድ ታይፕራይተር ላይ ዐረፍተ ነገር እየጻፈ ሲቆጥር አብዛኛው ከ160 ምልክት አላለፈም፤ የአጭር መልእክት ልክ በዚያው ጸና። ልኩ የወጣው ለላቲን ፊደል ነው። በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ አንዱ መልእክት የሚይዘው 70 ብቻ ነው። የድሮ ስልኮች እንኳን ሊይዙት፣ ፊደላችንን በባዶ ሳጥን ነበር የሚያሳዩት።

ዛሬ ስልኩ ሁሉ ያነባል። 70ውም አያንስም፤ የእኛ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን አንድ ላይ ይይዛል። ሞክሬዋለሁ፦ «አማረህ? ውሃ ጠጣ፤ ከመኪናው ውረድና ተራመድ፤ ያልፋል።» ክፍተቱና ነጥቡ ተቆጥሮ 35 ነው።

ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ አማርኛ ከሚሠራባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ የከተማዋ ወረቀት በፊደላችን ታትሞ እጃችን ይገባል። ያንኑ ለሲጋራ መልእክት ማድረግ የሚከብድ አይደለም። ሰዓቱ ብቻ ይታሰብበት፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የሌሊት ሾፌር ተኝቷል። የሚላክለት ወረፋ ላይ ቆሞ ላይተሩን ሲፈልግ ነው። በቀረው 35 ፊደል ስሙና የነፃው የስልክ ቁጥር፣ 1-800-784-8669፣ ይገባሉ።