መልኩ የጦር መሣሪያ፣ ሆዱ የአሻንጉሊት

“ዘይት ያው ዘይት ነው!” የሚል ሰው ካጋጠማችሁ የጃፓንን የአሻንጉሊት ጠመንጃ ታሪክ ንገሩት፡፡

ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1958 የወጣው የጃፓን ሕግ ተራው ዜጋ ሽጉጥ እንዳይዝ ይከለክላል፡፡ በ1960ዎቹ የመሣሪያ ፍቅር ያደረበት ወጣት ታዲያ ከብረት የተሠራ፣ ጥይት የማይተፋ አምሳያ እየገዛ ይጽናና ነበር፡፡ አምሳያው ግን እውነተኛውን ከመጠን በላይ መሰለ፡፡ በ1971 ሕጉ ጠበቀና የብረት ሽጉጦቹ በርሜል እንዲደፈን፣ ቀለማቸውም ነጭ ወይም ቢጫ እንዲሆን ታዘዘ፡፡ ፋብሪካዎቹስ ምን አደረጉ? ወደ ፕላስቲክ ዞሩ፡፡ 6 ሚሊ ሜትር የሆነች የፕላስቲክ ኳስ የሚተፋው ኤርሶፍት የተወለደው በዚህ ዘመን ነው፡፡ ቶኪዮ ማሩይ በ1991 የፈረንሳዩን ፋማስ አስመስሎ በባትሪ የሚሠራ ጠመንጃ ሲያወጣ ጨዋታው ባሕር ተሻገረ፡፡

እዚህ ላይ ልብ በሉ፡፡ መልኩ የጦር መሣሪያ ቢሆንም ሆዱ ውስጥ ብዙ ፕላስቲክና ላስቲክ አለ፡፡ ኳሷን የሚገፋት ባሩድ ሳይሆን የታመቀ አየር ወይም ጋዝ ነው፡፡ ያ አየር እንዳያመልጥ የሚይዘው ደግሞ መካኒኮች ኦሪንግ የሚሉት ቀጭን የላስቲክ ቀለበት ነው፡፡ የእውነተኛ ጠመንጃ ዘይት ግን የተሠራው ለብረት ነው፡፡ ከነዳጅ የሚወጡ ዘይቶችና ማሟሚያዎች አንዳንዱን ላስቲክ ያሳብጡታል፣ አንዳንዱን ፕላስቲክ ይሰነጥቁታል፡፡ ለሁሉም ነገር መድኃኒት የሚመስለን ደብሊው ዲ 40 እንኳ በ1953 ሳንዲያጎ ውስጥ የተቀመመው የሚሳይል ብረት እንዳይዝግ ነበር፡፡ ስሙም “ውኃ አባራሪ፣ 40ኛ ሙከራ” እንደማለት ነው፡፡

ታዲያ የሚስማማው የቱ ነው? የሲሊኮን ዘይት! የእሱም ታሪክ ይገርማል፡፡ እንግሊዛዊው ኬሚስት ፍሬድሪክ ኪፒንግ በኖቲንግሃም ዕድሜውን ሙሉ ሲያጠናው ቆይቶ፣ በቅርቡ ለሥራ ይውላል የሚል ተስፋ አልነበረውም፡፡ ጦርነት ግን ሌላ ነገር አመጣ፡፡ በ1943 አሜሪካ ውስጥ የተቋቋመው ዳው ኮርኒንግ የመጀመሪያ ምርቱን ያዋለው ከፍ ብለው የሚበሩ አውሮፕላኖች የሞተር ማስነሻ መስመር እርጥበት እንዳያበላሸው ለመከላከል ነው፡፡ ሲሊኮን አብዛኛውን ፕላስቲክና ኦሪንግ አይጎዳም፤ ሙቀትና ብርድም ቶሎ አይለውጠውም፡፡

ይህ ማለት ግን ሲሊኮን የትም ይቀባል ማለት አይደለም፡፡ እርስ በርስ የሚፋተጉት የብረት ማርሾች ግራሶ ይፈልጋሉ፤ ሲሊኮን ለእነሱ ስስ ነው፡፡ ኳሷን የሚያሽከረክራት በርሜሉ የኋላ ጫፍ ላይ ያለው ላስቲክ ደግሞ ጭራሽ ዘይት አይነካው፤ ሥራው መያዝ እንጂ ማንሸራተት አይደለምና! ከሲሊኮን ላስቲክ የተሠራ ከሆነማ የሲሊኮን ዘይት ራሱ ያሳብጠዋል፡፡ ደግሞም “ሲሊኮን” የተጻፈበት ጣሳ ሁሉ ንጹሕ እንዳይመስላችሁ፤ አንዳንዱ ውስጥ የነዳጅ ማሟሚያ ተቀላቅሏል፡፡ ከኋላው ያለውን ጽሑፍ አንብቡ፡፡ ካዝናውን ሳታወጡ፣ የዓይን መከላከያ ሳታደርጉም አትነካኩት፡፡ አሻንጉሊት ቢሆንም ዓይን ያጠፋል፡፡

የጃፓን ሕግ ብረቱን ወደ ፕላስቲክ ከለወጠው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆነው፡፡ እኛ ግን ዛሬም መልኩን አይተን የብረት ዘይት እናፈስበታለን፡፡ ዘይት ከመግዛታችሁ በፊት “ይህ ነገር ከምን ተሠራ?” ብላችሁ ጠይቁ፡፡