«ተዘጋ» ከማለት ሌላ ምን አለ?



ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። «ቲቸር፣ ድርጅታችን መርካቶ ያለውን ሱቅ ሊዘጋ ነው። ለሠራተኞቹ የሚሰጠውን ደብዳቤ በእንግሊዝኛ አርቅቅ ተባልኩ። ‹ክሎዝ› የሚለው ቃል ከበደኝ፤ ለስለስ ያለ ካለ ንገረኝ» ይላል። ያስተማርኩት ታሪክ ነው እንጂ እንግሊዝኛ አይደለም። ቢሆንም የማውቀውን ሰጠሁት፦ ስብሰባ ሲሆን «ኮንክሉድ»፣ ድርጅት ንብረቱን ሸጦ፣ ዕዳውን ከፍሎ ሲፈርስ «ዋይንድ አፕ»፣ ፋብሪካ ሥራ ሲያቆም «ሸት ዳውን»፣ ምርት ሲቋረጥ «ዲስኮንቲኒው»። አመስግኖኝ ሄደ። እኔን ግን ነገሩ እንቅልፍ ነሳኝ። ተወልጄ ያደግሁት መርካቶ ነዋ!

በኛ ሰፈር «ዘጋ» ክፉ ቃል አልነበረም። አባቴ ማታ ሱቁን ይዘጋል፤ ጓጉንቸሩን ሁለቴ ጎተት አድርጎ ያያል፤ ጠዋት ይከፍታል። ሰኔ 30 ሂሳብ ይዘጋል፤ ሐምሌ 1 አዲስ ደብተር ይገለጣል። ደንበኛ ሲከራከር ቆይቶ «ቁርጡን ንገረኝ» ይላል፤ ዋጋው ከተቆረጠ ወሬው አበቃ። ቤት ውስጥም ቡናው አቦል፣ ቶና ብሎ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ «የመጨረሻ» አይባልም፤ «በረካ» ነው፣ በረከት። በዚህ ሁሉ ውስጥ የሚዘጋው ባለቤቱ ራሱ ነው። ቁልፉም ኪሱ ውስጥ ነው።

ወደ ታሪክ ስንገባ ግን ግሡ መልኩን ይለውጣል።

ከጣሊያን ወረራ በፊት የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ አራዳ፣ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ጣሊያኖች በ1928 ዓ.ም. ገብተው ከተማዋን ለነጭና ለጥቁር ከፋፍለው ማቀድ ሲጀምሩ፣ ያገሬውን ሰው ገበያ ወደ ምዕራብ ገፉት። ስሙንም «መርካቶ ኢንዲጄኖ» አሉት፤ ያገሬው ተወላጅ ገበያ ማለት ነው። በ1933 ሲባረሩ «ኢንዲጄኖ» አብሯቸው ሄደ፣ «መርካቶ» ቀረ። መርካቶ በጣልያንኛ «ገበያ» ማለት ስለሆነ፣ «መርካቶ ገበያ ሄድኩ» ስንል «ገበያ ገበያ ሄድኩ» እያልን ነው።

ታዲያ የአራዳው ገበያ ምን ሆነ? «ተነሳ» እንላለን። ልብ በሉ፣ የታመመ ሰው ድኖ ሲቆምም «ተነሳ» ነው። ዛሬም ለልማት ተብሎ ቤቱ የሚፈርስበት ሰው «ተነሺ» ይባላል። ቃሉ ጥሩ ነው፤ የሚያነሳ እንጂ የሚጥል አይመስልም። ማን አነሳው? ወዴት ሄደ? እሱን ግን ቃሉ አይናገርም።

ሁለተኛው ቃል «ተወረሰ» ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። የቤት ኪራይም በአዋጁ ተቀነሰ። የወር ኪራዩ እስከ 100 ብር የሆነው ቤት በቀበሌ እጅ ገባ። በኛ ባህል ውርስ ማለት አባት ሲሞት ልጅ የሚያገኘው ነው። ያኔ ግን ባለቤቱ በሕይወት እያለ፣ ቆሞ እያየ ነበር የተወረሰው።

እኛ የምንኖርበት ቤት የኪራይ ነበር። የ9 ዓመት ልጅ ነበርኩ። አከራያችን ከግድግዳው ወዲያ ብቻቸውን የሚኖሩ ባልቴት ነበሩ፤ እማማ ነበር የምንላቸው። የሚተዳደሩት በዚያችው ኪራይ ነው። እውነቱን ልናገር፣ አዋጁ በሬዲዮ ሲነበብ አባቴ ደስ አለው። እናቴ ግን በማግስቱ ቡና አፈላችና እማማን ጠራቻቸው። መጡ። አቦሉ ተጠጣ፣ ቶናው ተጠጣ፤ ስለ ቤቱ ያነሳ ሰው የለም። በረካው ሲቀዳ አባቴ አንገቱን ደፍቶ፣ «እማማ፣ የዚህን ወር ኪራይ ለማን ልስጥ?» አላቸው።

«እኔ ምን አውቄ፣ ልጄ» አሉ። ስኒያቸውን አስቀምጠው፣ መርቀውን ወጡ።

ያቺ አንዲት ቤት በአንድ ቀን ለእማማ ተዘጋች፣ ለኛ ተከፈተች። ስንት ዓመት ሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ላይ «የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ» ብዬ ጽፌ ወደሚቀጥለው ርዕስ አልፌያለሁ። ከፊቴ የተወረሰባቸውም የተከፈተላቸውም ሰዎች ልጆች ተቀምጠው ነበር። ግድግዳው የትኛው ጎን እንደነበርኩ ግን ለአንዱም ነግሬ አላውቅም። ተማሪዎቼ የነበራችሁ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። ዛሬ ነገርኳችሁ።

ትናንት ለልጁ መልሼ ጻፍኩለት። «‹ክሎዝ› ምንም አላጠፋም፣ እሱኑ ተጠቀም። ‹ሱቁ ተዘግቷል› ከማለት ግን ‹ድርጅታችን ሱቁን ዘግቷል› በል። ቀጥለህ የመጨረሻው ደመወዝ መቼ እንደሚከፈል፣ የሥራ ስንብት ክፍያው ስንት እንደሆነ፣ ጥያቄ ያለው ማንን እንደሚያነጋግር በግልጽ ጻፍ። ሰው የሚፈልገው ለስላሳ ቃል አይደለም፤ ነገ ማን ጋ እንደሚሄድ ማወቅ ነው» አልኩት። እማማም ያን ቀን ያጡት ይኼንኑ ነበር።

ማታ መልሱ መጣ፦ «ቲቸር፣ አለቃዬ ‹ተዘግቷል› የሚለው ይሻላል አለኝ። ስለ ክፍያውና ስለሚጠየቀው ሰው የጻፍኩትን ግን አሳለፈልኝ።»

ይሁን፣ እሱም አንድ ነገር ነው።

እናንተስ ሰፈር፣ ሲዘጋ ምን ይባል ነበር? እስቲ ጻፉልኝ። ቸር ሰንብቱ።