የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት፦ በየከተማው የተስፋፋበት ቅደም ተከተልና ነዋሪዎች ሊያውቋቸው የሚገቡ ጉዳዮች

የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት በከተሞች ውስጥ በድህነት ለሚኖሩ ቤተሰቦች የገንዘብ ድጋፍ፣ ጊዜያዊ ሥራና የኑሮ ማሻሻያ ዕድል የሚሰጥ የማኅበራዊ ጥበቃ ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ በአገሪቱ ከተሞች ሁሉ በአንድ ጊዜ አልተጀመረም። በምዕራፍ ተከፋፍሎ በመጀመሪያ በጥቂት ትላልቅ ከተሞች፣ ቀጥሎም በሌሎች ተስፋፍቷል። በአንድ ከተማ ውስጥም ቢሆን ከተወሰኑ ወረዳዎች ተነሥቶ ወደ ቀሪዎቹ የተሻገረበት ጊዜ አለ።

በዚህ ምክንያት አንድ ቤተሰብ ተጠቃሚ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ሦስት ጥያቄዎች በቅደም ተከተል መመለስ አለባቸው።

1. ቤተሰቡ የሚኖርበት ከተማ በፕሮግራሙ ታቅፏል ወይ?
2. በከተማው ውስጥ ቤተሰቡ የሚኖርበት ወረዳ ወይም ቀበሌ ተራው ደርሷል ወይ?
3. ቤተሰቡ በአካባቢው በተካሄደው ምልመላ መስፈርቱን አሟልቶ ተገኝቷል ወይ?

እነዚህን ጥያቄዎች ለይቶ ማወቅ ለነዋሪው ትልቅ ጥቅም አለው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መልስ የሚያገኙት ከፕሮግራሙ ዕቅድ ስለሆነ ከተማው ወይም ወረዳው ያልታቀፈበት ነዋሪ በግሉ አመልክቶ ሊገባ አይችልም። ሦስተኛው ግን ስለ ራሱ ስለ ቤተሰቡ የሚሰጥ ውሳኔ በመሆኑ ስሕተት ሲኖርበት ቅሬታ ቀርቦበት ሊታረም ይችላል።

የፕሮግራሙ መነሻ

በኢትዮጵያ የልማታዊ ሴፍቲኔት አሠራር የተጀመረው በገጠር ሲሆን ጊዜውም 1997 ዓ.ም. ነው። የገጠሩ ፕሮግራም በየዓመቱ የአስቸኳይ ጊዜ የምግብ እርዳታ ይጠብቁ ለነበሩ፣ ሥር የሰደደ የምግብ ዋስትና ችግር ላለባቸው ወረዳዎች አስቀድሞ የታወቀና ተከታታይ ድጋፍ እንዲደርሳቸው ለማድረግ የተቀረጸ ነበር። በከተማ የሚኖር ድኻ ቤተሰብ ግን ለብዙ ዓመታት ይህን የመሰለ መደበኛ ድጋፍ አልነበረውም።

ይህን ክፍተት ለመሙላት የከተሞች የምግብ ዋስትናና የሥራ ዕድል ፈጠራ ስትራቴጂ በ2007 ዓ.ም. ጸደቀ። ስትራቴጂው በዐሥር ዓመት ጊዜ ውስጥ በ972 ከተሞች የሚኖሩ 4.7 ሚሊዮን ያህል ድኻ የከተማ ነዋሪዎችን በየደረጃው ለመድረስ ያለመ ነበር። ቁጥሩ ከፍተኛ በመሆኑ ሥራው የሕዝብ ብዛታቸው ከፍተኛ ከሆኑ ከተሞች እንዲጀመር ተወሰነ።

የገጠሩና የከተማው ፕሮግራሞች የየራሳቸው የተጠቃሚዎች ዝርዝርና የአፈጻጸም መዋቅር አሏቸው። ስለሆነም በገጠር ወረዳ ተጠቃሚ የነበረ ሰው ወደ ከተማ ሲዛወር ስሙ በከተማው ዝርዝር ውስጥ በራሱ ጊዜ አይገባም።

የመጀመሪያው ምዕራፍ፦ 11 ከተሞች

የመጀመሪያው ምዕራፍ በ2009 ዓ.ም. ወደ ትግበራ ገባ። ለዚህ ምዕራፍ በድምሩ 450 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር የተመደበ ሲሆን ከዚህ ውስጥ 300 ሚሊዮኑ ከዓለም ባንክ የተገኘ፣ 150 ሚሊዮኑ በመንግሥት የሚሸፈን ነበር። ከተሞቹ የተመረጡት በወቅቱ ከነበሩት ዘጠኝ ክልሎች ከእያንዳንዳቸው አንድ ከተማ፣ እንዲሁም ሁለቱ የከተማ አስተዳደሮች እንዲካተቱ ተደርጎ ነው።

• አዲስ አበባ እና ድሬዳዋ፦ የከተማ አስተዳደሮች
• አዳማ፦ ከኦሮሚያ ክልል
• ደሴ፦ ከአማራ ክልል
• መቀሌ፦ ከትግራይ ክልል
• ሐዋሳ፦ ከቀድሞው የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል
• ጅግጅጋ፦ ከሶማሌ ክልል
• ሠመራ ሎጊያ፦ ከአፋር ክልል
• አሶሳ፦ ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል
• ጋምቤላ፦ ከጋምቤላ ክልል
• ሐረር፦ ከሐረሪ ክልል

ሐዋሳ በአሁኑ ጊዜ የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ ናት። የቀድሞው የደቡብ ክልል ከዚያ ወዲህ ወደ ተለያዩ ክልሎች በመደራጀቱ፣ ቀደም ሲል የወጡ ዝርዝሮችን የሚመለከት ነዋሪ የክልሉ ስም መለወጡን ልብ ሊል ይገባል።

በዚህ ምዕራፍ ይደረስባቸዋል ተብሎ የታቀደው 604,000 ሰዎች ሲሆኑ ከእነዚህ ውስጥ ሦስት አራተኛ ያህሉ በአዲስ አበባ የሚኖሩ ነበሩ። ይህ ቁጥር በ11ዱ ከተሞች ከድህነት ወለል በታች ይኖሩ ከነበሩት ሰዎች 55 በመቶ ያህሉን ብቻ የሚሸፍን ነበር። ስለዚህ በታቀፉት ከተሞች ውስጥ እንኳ ችግረኛ ሆነው ዕድሉ ያልደረሳቸው ብዙ ቤተሰቦች እንደነበሩ መገንዘብ ያስፈልጋል። በዝርዝሩ ውስጥ አለመገኘት ቤተሰቡ ድኻ አይደለም ማለት አልነበረም።

በከተማ ውስጥ የወረዳዎች ተራ

በአዲስ አበባ ፕሮግራሙ በሁሉም ወረዳዎች በአንድ ጊዜ አልተጀመረም። ቀድመው የሚጀምሩት ወረዳዎች በዕጣ ተለይተው የቀሩት በተከታይ ጊዜያት እንዲገቡ ተደርጓል። በዚህ አሠራር ምክንያት በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ የሚኖሩ፣ ኑሯቸውም ተመሳሳይ የሆነ ሁለት ቤተሰቦች አንዱ ድጋፉን ቀድሞ ሲያገኝ ሌላው እንዲጠብቅ ሆኗል። ለሚጠብቀው ቤተሰብ ይህ ቀላል አልነበረም። ሆኖም ገንዘቡና የሰው ኃይሉ ለሁሉም በአንድ ጊዜ በማይበቃበት ሁኔታ ዕጣ ቅድሚያው በትውውቅ ወይም በተጽዕኖ እንዳይወሰን ያደርጋል።

የዕጣው አሠራር ፕሮግራሙ ያስገኘውን ለውጥ ለመመዘንም ረድቷል። ቀድመው የጀመሩትን ወረዳዎች ተራቸውን ይጠብቁ ከነበሩት ጋር ያነጻጸረ ጥናት፣ ሥራው በተካሄደባቸው አካባቢዎች የሰፈሩ ጽዳትና አገልግሎት መሻሻሉን አሳይቷል። ፕሮግራሙ በከተማዋ ሁሉ ሲዳረስም የግሉ ዘርፍ የቀን ሠራተኞች ደመወዝ ጭምር ከፍ እንደሚል ጥናቱ ገምቷል።

የወረዳ ወሰን ሊለወጥ እንደሚችልም መታወስ አለበት። ለምሳሌ በአዲስ አበባ ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ሲቋቋም ቀድሞ በቦሌና በየካ ሥር የነበሩ አካባቢዎች ወደ አዲሱ ክፍለ ከተማ ተዛውረዋል። በእንዲህ ያለ አካባቢ የሚኖር ሰው መረጃ ሲጠይቅ የአሁኑንም የቀድሞውንም ወረዳ ቢገልጽ ፋይሉ በቀላሉ ይገኛል።

ሁለተኛው ምዕራፍ

የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔትና ሥራ ፕሮጀክት የተባለው ሁለተኛው ምዕራፍ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ከዓለም ባንክ የ400 ሚሊዮን ዶላር የገንዘብ ድጋፍ ጸድቆለታል። በዚህ ምዕራፍ የታቀፉት ከተሞች ቁጥር ከ11 ወደ 80 በላይ ከፍ ብሏል። በመሆኑም ቀድሞ ከየክልሉ በአንድ ከተማ ብቻ ተወስኖ የነበረው አገልግሎት በአንድ ክልል ውስጥ ወደሚገኙ በርካታ ከተሞች ደርሷል።

ምዕራፉ የድጋፉንም ይዘት አስፍቷል። ከተለመደው የአካባቢ ልማት ሥራና የቀጥታ ድጋፍ በተጨማሪ፣ ዝቅተኛ የትምህርት ደረጃ ያላቸው ሥራ አጥ የከተማ ወጣቶች በድርጅቶች ውስጥ የሥራ ልምምድ የሚያደርጉበት ክፍል ተካትቶበታል። ስደተኞች በሚገኙባቸው የተመረጡ ከተሞችም ስደተኞችንና ተቀባዩን ማኅበረሰብ አብሮ የሚያገለግል አሠራር ተዘርግቷል።

ተጠቃሚዎች የሚመለመሉበት መንገድ

አንድ ወረዳ ወይም ቀበሌ ተራው ሲደርስ የተጠቃሚዎች ልየታ የሚካሄደው በነዋሪው ተሳትፎ ነው። ከነዋሪው መካከል የሚመረጥ ኮሚቴ በአካባቢው እጅግ ችግረኛ የሆኑትን ቤተሰቦች ይለያል። የተለዩትም ቤተሰቦች በመኖሪያ ቤታቸው ሁኔታ፣ በንብረታቸው፣ በቤተሰቡ ብዛትና ይህን በመሳሰሉ መረጃዎች እንደገና ይመዘናሉ። ከዚያም የስም ዝርዝሩ ለነዋሪው ይፋ ይደረጋል።

ለምልመላው መሠረት የሚሆነው መኖሪያ ነው። ልየታው ከመጀመሩ በፊት በአካባቢው ሲኖር የቆየ ቤተሰብ እንጂ ድጋፉን ሰምቶ ወደ ወረዳው የገባ ሰው አይመለመልም። በዚህም ረገድ በተደጋጋሚ የሚቸገሩት ተከራዮች፣ በደባልነት የሚኖሩና በቅርቡ ሰፈር የቀየሩ ቤተሰቦች ናቸው። እንዲህ ያሉ ነዋሪዎች ልየታ እስኪታወጅ ሳይጠብቁ የነዋሪነት ምዝገባቸውንና መታወቂያቸውን በሚኖሩበት ወረዳ ወይም ቀበሌ ማስተካከላቸው ይጠቅማቸዋል።

የድጋፉ ዓይነቶች

መሥራት የሚችል አባል ያላቸው ቤተሰቦች፦ እነዚህ በአካባቢ ልማት ሥራዎች ይሰማራሉ። ሥራዎቹ የደረቅ ቆሻሻ አያያዝን፣ የከተማ አረንጓዴ ልማትን፣ የተፋሰስ ሥራን፣ የጎርፍ መውረጃ ቦዮችን፣ የውስጥ ለውስጥ መንገዶችንና የከተማ ግብርናን ያካትታሉ። በመጀመሪያው ምዕራፍ ዕቅድ መሠረት ከአንድ ቤተሰብ እስከ አራት አባላት ሊሰማሩ ይችሉ ነበር። እያንዳንዱ አባል በአንደኛው ዓመት 60 ቀን፣ በሁለተኛው 40 ቀን፣ በሦስተኛው 20 ቀን ይሠራል። ከሚከፈለው ገንዘብ 20 በመቶው ይቆጠባል።

መሥራት የማይችሉ፦ ጧሪ የሌላቸው አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ሥራ ሳይጠየቁ የቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ። በመጀመሪያው ምዕራፍ ከጠቅላላው ተጠቃሚ 16 በመቶ ያህሉ ለዚህ ክፍል የታሰበ ሲሆን ቀሪው 84 በመቶ በሥራ ለሚሳተፉት ነበር።

የሥራ ቀናቱ በየዓመቱ የሚቀንሱት ቤተሰቡ ቀስ በቀስ ወደ ራሱ ገቢ እንዲሸጋገር ነው። ለዚህም ሲባል የሙያና የገንዘብ አያያዝ ሥልጠና እንዲሁም የሥራ ዕቅድ ላቀረቡ ቤተሰቦች የመነሻ ካፒታል ድጋፍ ይሰጣል። ከሦስት ዓመት በኋላ ቤተሰቡ ተመርቆ ይወጣል። በመሆኑም በመጀመሪያው ዓመት የተጀመረ ቁጠባ በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ ለሚመጣው ለውጥ ዋና ስንቅ ነው።

ቅሬታ ማቅረብ

ከዝርዝሩ ውጭ የሆነ፣ ወይም የማይገባው ሰው ተመልምሏል ብሎ የሚያምን ነዋሪ ቅሬታውን ለወረዳው ወይም ለቀበሌው የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ማቅረብ ይችላል። ይህ ኮሚቴ ምልመላውን ካካሄደው ኮሚቴ የተለየ ነው። ቅሬታው የሚቀርበው የስም ዝርዝሩ ይፋ እንደሆነ ሳይዘገይ ቢሆን ይመረጣል። በሚከተሉት ነጥቦች ላይ ያተኮረ ቅሬታ በቀላሉ ሊጣራ ይችላል፦

• የቤተሰቡ አባላት ቁጥር ወይም ዕድሜ በስሕተት ተመዝግቦ ከሆነ፤
• የአካል ጉዳት ወይም ሥር የሰደደ ሕመም ሳይገለጽ ታልፎ ከሆነ፤
• መዝጋቢዎች ወደ ቤቱ በመጡ ጊዜ ቤተሰቡ ሳይገኝ ቀርቶ ከሆነ፤
• ቤተሰቡ የሌለው ንብረት ወይም ገቢ እንዳለው ተደርጎ ተሞልቶ ከሆነ።

ወረዳው ገና ተራው ባልደረሰበት ሁኔታ የሚቀርብ ቅሬታ ግን በዚህ ኮሚቴ ሊፈታ አይችልም።

ነዋሪዎች ሊያደርጉት የሚገባ

ከተማቸው በፕሮግራሙ መታቀፉን ለማወቅ የሚፈልጉ ነዋሪዎች በቅድሚያ የወረዳቸውን ወይም የቀበሌያቸውን ጽሕፈት ቤት እንዲጠይቁ ይመከራል። ሲቀርቡ የነዋሪነት መታወቂያ፣ የቤተሰብ አባላትን ዝርዝርና ካለም የሕክምና ወይም የአካል ጉዳት ማስረጃ ቢይዙ ጉዳያቸው በአንድ ጊዜ ይስተናገዳል። ራሳቸው መሄድ ለማይችሉ አረጋውያንና ሕሙማን ጎረቤት ወይም የቅርብ ቤተሰብ መረጃውን ቢያደርስላቸው በልየታው ጊዜ እንዳይረሱ ይረዳል።

በፕሮግራሙ ለመመዝገብም ሆነ ለመመልመል ምንም ዓይነት ክፍያ አይጠየቅም። ስምን ለማስገባት ወይም ተራን ለማስቀደም ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ቢያጋጥም ክፍያ ሳይፈጽሙ ለወረዳው አስተዳደር ማሳወቅ ይገባል።